ወለል ላይ የተገኙት ሰዓት ሠሪ

ረቡዕ ጠዋት ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ማሽኗ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ሲላት ወረንጦ ልትዋስ ወደ ጎረቤቷ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ስታይ መጀመሪያ የታያት ጫማ ነበር፤ ቀጥሎ ጫማው ውስጥ ያለው እግር፤ ቀጥሎ ደግሞ ጠቅላላው ሰው። የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሰዓት ሠሪ በደረታቸው ወለሉ ላይ ተዘርግተው፣ አንድ ጉንጫቸውን ሲሚንቶው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ዝም ብለዋል።

«ጋሼ!» መስታወቱን ደበደበችው። «ጋሽዬ! ይሰሙኛል?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አንድ ጣታቸውን ብቻ ወደ ላይ አነሡ።

ሴትዮዋ ያቺን ጣት የመጨረሻ ስንብት አድርጋ ወሰደቻት። ስልኳን አውጥታ ለሴት ልጃቸው ደወለች። «አባትሽ ወድቀዋል! በሩ ተቆልፏል! ከሰውነታቸው የሚንቀሳቀሰው ጣታቸው ብቻ ነው!» ብላ ጮኸችና ልጅቷን ልትቀበል ወደ መንገዱ ዳር ሮጠች።

ያቺ ጣት ምን ማለቷ እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰፈሩ ሰዓት ሠሪውን «ጋሽ ደቂቃ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው አመላቸው ነው። ደንበኛ ሰዓቱን አስረክቦ «መቼ ይደርሳል?» ሲል የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ «አንድ ደቂቃ» ነው። ያቺ አንድ ደቂቃ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ትሆናለች። ሰው ግን አይቀየማቸውም፤ ሰዓቱ ሲመለስ በትክክል ይሠራላ። የዚያን ቀን የተነሣችው ጣትም ያቺው አንድ ደቂቃ ነበረች። በአፋቸው ያልተናገሩት ደግሞ ትንፋሻቸው ብሎን እንዳያበርርባቸው ፈርተው ነው።

የእጅ ሰዓት ብሎን ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። ከወረንጦ ጫፍ ካመለጠች ትዘላለች፤ የት እንደምታርፍ ደግሞ ለማንም አትናገርም። ሰዓት ሠሪዎች ለዚህ ያላቸው ዘዴ በጣም ደስ ይላል፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ብሎኗ ስትወድቅ የመጀመሪያው ነገር አለመንቀሳቀስ ነው። እግሩን ያነሣ ሰው ይረግጣታል፣ ወይም ሶሉ ሥር ተለጥፋ አብራው ከሱቅ ትወጣለች። ስለዚህ ባሉበት ደርቀው ድምፅዋን ያስታውሳሉ፤ «ጢን» ካለች ሲሚንቶ ላይ ነች፣ «ጡብ» ካለች እንጨት ላይ። ከዚያ ቀስ ብለው ይተኛሉ፤ ጉንጭ ከወለል ይገጥማል፤ የእጅ ባትሪው ብርሃኑ ወለሉን እየላሰ እንዲሄድ በአግድም ይያዛል። ከላይ ሲያበሩባት የማትታየው ብሎን በአግድም ሲያበሩባት ከራሷ አሥር እጥፍ የሚረዝም ጥላ ትጥላለች። የሚፈለገው እንግዲህ እሷ ሳትሆን ጥላዋ ነው! በሩም የተቆለፈው ለዚሁ ሥራ ነው። ሰዓት ሲከፈት በር ይዘጋል፤ ድንገት የገባ ደንበኛ አብሮት የሚያስገባው ነፋስ የአንድ ሳምንት ልፋት ይበትናል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ብሎኗም በአራተኛው ደቂቃ ተገኝታለች። ሴት ልጃቸው ከምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት በታክሲ ስትደርስ ግን ሃያ ደቂቃ አልፏል፤ አባቷም ገና ወለሉ ላይ ናቸው። በመሃል ያለችው አሥራ ስድስት ደቂቃ ከብሎን ጋር ግንኙነት አልነበራትም። ሽማግሌው መነሣት አቅቷቸው ነበር። ይህንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ እንደምንም በሆዳቸው ተስበው የጠረጴዛውን እግር አቀፉ፤ እሱን ተንጠላጥለው ተነሡ፤ በመንገዳቸው አንድ ሣጥን ሙሉ የሰዓት ማሰሪያ ገለበጡ፤ በሩን ከፈቱ። ግራ ጉንጫቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል።

«አባዬ! ወደቅክ?»

«አልወደቅኩም። ተኛሁ።»

«ተኛህ? በሥራ ሰዓት? ሲሚንቶ ላይ?»

«ብሎን ስፈልግ ነው። ይህቻትና!» መዳፋቸውን ከፍተው አሳዩአት። ልጅቷ ባዶ መዳፍ ብቻ ነው የታያት።

«እኔም ምንም አይታየኝም» አለች የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት ከኋላ አንገቷን እያሰገገች።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ የታየሽን ለአገር ሁሉ ነግረሻል፤ ይበቃል።»

«ጣትዎን ሲያነሡ ምን ልበል ታዲያ? እኔ እኮ ኑዛዜ ሊጀምሩ መሰለኝ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። እናቷ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አባቷ ከሱቁ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ወደ ክፍሏ የሚያደርሰው ደረጃ አሥራ አራት እርከን ያለው፣ ጠባብ፣ መደገፊያ የሌለው ነው። እሷ ከተማው ማዶ ምድር ቤት ያለ ሰፊ ቤት አላት፤ አንዱን ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ ቴሌቪዥን ሰቅላ አዘጋጅታላቸዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምናለች።

እሳቸው ደግሞ ከሱቁ መለየት አይሆንላቸውም። ሃምሳ አራት ዓመት ከአንድ ወንበር ላይ ሠርተዋል። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ ሠላሳ አንድ ሰዓቶች አሉ፤ በየአንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ነገር የምታስታውስ ወረቀት ተንጠልጥላለች። «የአያቷ ነው፣ ለሠርጓ ትፈልገዋለች» ትላለች አንዷ። «ይሠራል፣ ግን ባለቤቱ ለወሬ ስለሚመጣ አይመለስለት» ትላለች ሌላዋ። ሰው የሚመጣላቸው እዚህ ነው፤ የሚጠቅሙት እዚህ ነው፤ ቀኑ ሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚያውቁት በሚመጣው ሰው ነው።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች ልጅቷ። «እነሱ ደህና ነው ካሉ አፌን እዘጋለሁ። አይደለም ካሉ ግን የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ትሰጠኛለህ፣ እኔ ጋ ትገባለህ።»

«አፍሽን ትዘጊያለሽ?»

«እዘጋለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ለዚህስ ስል እሄዳለሁ።» እጅ ለእጅ ተማቱ።

ዓርብ ዕለት ጤና ጣቢያው ውስጥ የገቡበት አዳራሽ ግድግዳው በሙሉ ዳክዬና ዝሆን ተሥሎበታል። ሰዓት ሠሪው ዳክዬዎቹን ሲያዩ «የተሳሳተ ክፍል ነው ያስገባሽኝ» አሉ። አልተሳሳቱም ነበር። ክፍሉ ድሮ የሕፃናት ክትባት መስጫ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ማለትም የሰውነት እንቅስቃሴ የምታክመው ሴት፣ ነገሩን በደስታ ታስረዳለች፤ ሥራ የጀመረች ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ ከሕፃናት ለቅሶ የተነሣ መነጋገር አይቻልም ነበር። ዓመት በዓመት ሕፃናቱ እያነሱ፣ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ እየበዙ ሄዱ። በመጨረሻ ክትባቱ ወደ ጓዳው ክፍል ተዛወረ፣ ሰፊው አዳራሽ ለአረጋውያን ሆነ። ቀለሙን ለመለወጥ ማንም ጊዜ አላገኘም፤ አሁን ደግሞ ዳክዬዎቹ መለኪያ ሆነዋል። ከትልቁ ዳክዬ እስከ ዝሆኑ ጭራ ልክ ሦስት ሜትር ነው።

«ሰው ዕድሜው ረዘመ፣ የሚወልደውም አነሰ» አለች። «እዚህ ብቻ መስሎዎት? በየአገሩ ነው። አንዳንዱ ቀድሞ ደረሰበት፣ አንዳንዱ ገና እየደረሰበት ነው።»

«እኛ በዛን በይኛ ዶክተር» አሉ ሽማግሌው።

«ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አዎ፣ በዝታችኋል።»

ፈተናው እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው የሚያስገርመው። ሰውዬው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። «ይጀምሩ» ሲባሉ ተነሥተው ሦስት ሜትር ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ባለሙያዋ ሰዓት ትይዛለች። አሥራ ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ስጋት አለ ተብሎ ይጠረጠራል። መርፌ የለም፣ ደም የለም፣ ማሽን የለም። በአንድ ወንበርና በአንድ ሰዓት የእግር ጉልበት፣ ሚዛን፣ ዓይን፣ ልብ ሁሉ አንድ ላይ ይታያሉ።

«ይጀምሩ።»

ጋሽ ደቂቃ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ገፍተው ተነሡ፤ ፈጠን ብለው ሄዱ፤ ዝሆኑ ጭራ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ልጃቸው ጭንቅ ስትል የጆሮ ጌጧን የማሽከርከር አመል አላት። ያኔም ስታሽከረክር የጌጡ ማቆሚያ ከጆሮዋ ጀርባ አምልጣ ወደቀች።

ጢን።

ሰዓት ሠሪው አንድ እግራቸው እንደተነሣ ባሉበት ደረቁ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ብለው ጮኹ።

 ጥግ ላይ በብረት መደገፊያ የምትለማመድ አንዲት አሮጊት «እኔን ነው?» አለች። «እኔማ ከዓምና ጀምሮ አልተንቀሳቀስኩም።»

«አባባ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው» አለች ባለሙያዋ።

«ይቁጠር! ሥራው ነው። ሲሚንቶ ላይ ነው የወደቀችው፣ ወደ ግራ ነጥራለች… ያቻት! ሦስተኛው ዳክዬ ሥር። አንቺ አንሻት፤ እግርሽን ግን አስተውይ።»

ልጅቷ አነሣቻት። ሽማግሌው በኩራት ተመልሰው ተቀመጡ።

«አርባ ስምንት ሰከንድ» አለች ባለሙያዋ ሳቋን እየዋጠች። «በዚህ ውጤት እንኳን ሱቅ ሊከፍቱ፣ ከዚህ ወንበር እንዲነሡም አልፈቅድልዎት።»

ፈተናው ተደገመ። በሁለተኛው አሥራ አንድ ሰከንድ ከምናምን ሆነ። «አለፍኩ!» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ልጃቸው ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ አፍሽን ዝጊ እንግዲህ ማለታቸው ነው።

ባለሙያዋ ግን ከመዝገቧ ቀና አላለችም። «አንድ ነገር አየሁ» አለች። «ሲነሡ በእጅዎ ነው የገፉት። አሁን እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ይነሡልኝ።»

አጣመሩ። ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ፊታቸው ቀላ። ከወንበሩ አንድ ጣት ያህል ብድግ ብለው ተመልሰው ዘጭ አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ ዘጭ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ እጁን ሳይጠቀም አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ተነሥቶ ይቀመጣል ተብሎ ይጠበቃል። የእሳቸው ውጤት ዜሮ ነው።

«ወለል ላይ ቢሆኑስ፣ ብቻዎን ይነሣሉ?»

ልጅቷ ለአባቷ ተከራካሪ ሆና ገባች። «ይነሣል! ረቡዕ ዕለት እንኳ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ ብሎን ሲፈልግ ነበር። ከዚያ ራሱ ነው በሩን የከፈተልኝ።»

ባለሙያዋ ሽማግሌውን አየቻቸው። «ብሎኗን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

ሃያ ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሱቁ የእሳቸው ነው፤ ልጃቸው ራሷ ምስክር ሆናላቸዋለች። ነገር ግን ጋሽ ደቂቃ በሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ ያልሠራ ሰዓት ሠርቷል ብለው ለማንም አስረክበው አያውቁም።

«አራት» አሉ።

«የቀረውስ?»

«የቀረውን… መነሻ አጥቼ ነው።»

ልጅቷ ከእጇ ላይ ቦርሳዋን ጣለች። «አሥራ ስድስት ደቂቃ? አሥራ ስድስት ደቂቃ እዚያ ሲሚንቶ ላይ? ስልክህ እኮ ኪስህ ውስጥ ነበር! ለምን አልጠራኸኝም?»

«ብጠራሽ ትመጫለሻ። ከመጣሽ ደግሞ ቁልፉ ይሄዳል።» ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡና መዳፏ ላይ አስቀመጡት። «ይኸው። ቃል ቃል ነው።»

ልጅቷ ለሁለት ዓመት የለመነችውን ነገር በእጇ ይዛ ምንም ደስታ አልተሰማትም።

«እኔ ግን ገና አልጨረስኩም» አለች ባለሙያዋ። ወንበሯን ጎትታ በመካከላቸው ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ ረጅም ማብራሪያ እንደሚመጣ ሁሉም ታካሚዎቿ ያውቃሉ፤ ጥግ ላይ ያለችው አሮጊት እንኳ ልምምዷን አቁማ ጆሮዋን አዘነበለች።

«ጭንዎ ላይ ያለው ጡንቻ ነው ከወንበር የሚያነሣዎት። ጡንቻ ከጎልማሳነት ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀንሳል፤ ከስልሳ፣ ሰባ በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ይሄ የማንም ሰው ነገር ነው። ግን የማይጠቀሙበት ጡንቻ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። በቀን ስንት ጊዜ ከወንበርዎ ይነሣሉ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ጠዋት ተቀምጬ… ምሳ ላይ አንዴ። ማታ አንዴ።»

«አያችሁ! ወለል ላይ መቀመጥ የለመደ ሕዝብ አለ፤ ሽማግሌው እዚያ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ሲተኛ በቀን ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ይነሣል። ሳያውቀው ስፖርት እየሠራ ነው። ሁሉ ነገሩ ወንበርና ሶፋ በሆነበት ደግሞ ሰው ከወለል ጋር በልጅነቱ ተለያይቶ የሚገናኘው የወደቀ ቀን ነው።»

«ወንበሬ ነው እንግዲህ የበላኝ!»

«ወንበርዎ ነው። ደስ የሚለው ግን ይሄ ነው፤» እዚህ ላይ ራሷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ «ጡንቻ ዕድሜ አይጠይቅም! ሲያሠሩት ያድጋል። በሰባ፣ በሰማንያ፣ ዘጠና ባለፉ ሰዎች ላይ ሳይቀር ታይቷል። ስምንት ሳምንት ይስጡኝ።»

ልጅቷ ቁልፉን እያገላበጠች ነበር። «ከስምንት ሳምንት በኋላስ?»

«እሱን እናንተ ተስማሙ።»

እዚያው ተስማሙ። ስምንቱን ሳምንት አባትየው ልጃቸው ጋ ይቀመጣሉ፤ ሱቁ ይዘጋል። በመጨረሻው ቅዳሜ ሱቃቸው ውስጥ በጀርባቸው ይተኛሉ፤ ከወለሉና ከአንድ ወንበር በስተቀር ምንም ሳይነኩ፣ ማንም ሳይረዳቸው፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከተነሡ ቁልፉ ይመለስላቸዋል። ካልተነሡ ሰዓቶቹ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፣ ሱቁም ያበቃለታል።

በሱቁ በር ላይ «አንድ ደቂቃ፣ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ሲቆይ ከደንበኞቹ አንድም ሰው አልተገረመም።

ሥራው የተጀመረው በሁለት ትራስ ነው። ከፍ ካለ መቀመጫ መነሣት ዝቅ ካለው ይቀላል፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ተደርቦ እጅን አጣምሮ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ብቻ ተቻለ። ሽማግሌው ደብተር አውጥተው ቀኑን፣ የትራሱን ብዛትና የተነሡበትን ቁጥር በንጹሕ ጽሕፈት ያዙ።

«ይሄማ ምን አላት!» አለች ልጅቷ በሁለተኛው ቀን፤ ዝቅ ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጣ እጇን አጣመረች። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ የምትውል የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ተነሣች፣ ግን በሦስተኛው ሙከራ፤ ጉልበቷም ቀጭ አለ።

«ሰማሁት» አሉ አባቷ። «ይሄ ድምፅ ያለው ሰዓት ቢመጣልኝ ዘይት ያስፈልገዋል እላለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀኝ ገጹ የአባት፣ ግራ ገጹ የልጅ።

ነገሩ ጭን ብቻ እንዳልሆነም ታወቀ። ሽማግሌው ሲነሡ አንዳንዴ ጭው ይልባቸው ነበር። ባለሙያዋ ወደ ሐኪም መራቻቸው፤ ሐኪሙ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን መጠን አስተካከለላቸው፣ ከአልጋ ሲወርዱም ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀምጠው እንዲቆዩ ነገራቸው። መነጽራቸው ደግሞ የአሥር ዓመት ሆኖ ተገኘ። በዓይናቸው ላይ በምትሰካው ማጉያ ሰሊጥ የሚያክል የሰዓት መዘውር ጥርስ የሚቆጥሩት ሰው የደረጃ ጠርዝ በደንብ አይታያቸውም ነበር። ተቀየረ። ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማቸውም ተጣለ፤ ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ተኳርፈዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ጭናቸው አመማቸው። ሁለት ቀን ልምምድ አቆሙ፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ለባለሙያዋ ደውላ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

«ሥጋው ነው የሚያምዎት ወይስ መገጣጠሚያው?» አለች ባለሙያዋ በስልክ።

«ሥጋው።»

«ሲነኩት ነው ወይስ ዝም ብሎ?»

«ደረጃ ስወርድ።»

«እንኳን ደስ አለዎት! ጡንቻ ነው፤ እየሠራ ነው። ጉልበትዎ ውስጥ ቢወጋዎት ወይም ቢያብጥ ነበር የምፈራው። እንቁላልና ባቄላ ጨመር ያድርጉ፣ ዛሬ ትንሽ ይሥሩ፣ ነገ እንደ ወትሮው።»

«ታምሜ እንኳን ደስ አለህ የተባልኩት ዛሬ ነው» አሉ ስልኩን ዘግተው፤ ግን ሠሩ።

አንደኛው ትራስ በአራተኛው ሳምንት ወጣ፣ ሁለተኛው በስድስተኛው። ከዚያ ወለሉ መጣ። እዚህ ላይ ባለሙያዋ የሽማግሌውን ዋና ስህተት አገኘችው። በዚያ ረቡዕ ያን ሁሉ ጊዜ የታገሉት ከደረታቸው በእጃቸው ገፍተው በአንድ ጊዜ ቀጥ ለማለት ነው፤ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ያደርጉት እንደነበረው። እንዲያ የሚነሣ ጎረምሳ ነው። ከወለል መነሣት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ወደ ጎን መዞር፣ በክርን መደገፍ፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ እስከ ወንበሩ መዳህ፣ እጆችን መቀመጫው ላይ ማድረግ፣ ጠንካራውን እግር ወደ ፊት አምጥቶ መትከል፣ ገፍቶ መነሣት፣ ዞሮ መቀመጥ።

«ቅደም ተከተሉ ነዋ!» አሉ ጋሽ ደቂቃ ዓይናቸው በርቶ። «ቅደም ተከተል አለው ብትዪኝ ኖሮ መቼ እዚህ እደርስ ነበር፣ ዶክተር!»

«ዶክተር አይደለሁም።»

ቅዳሜው ደረሰ። ሽማግሌው በባዶው ወንበር ላይ፣ ያለ ትራስ፣ በሠላሳ ሰከንድ አሥር ጊዜ መነሣት ላይ ደርሰዋል፤ አሥራ አንደኛዋ አልመጣችም። ከወለልም ልጃቸው ቤት ምንጣፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል። የሱቁ ሲሚንቶ ግን ምንጣፍ አይደለም።

ልጅቷ በሩን ከፈተችላቸው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት የመነሻውን ቅደም ተከተል በትልቅ ወረቀት ላይ አሳድጋ አትማ መስኮቱ ላይ ወደ ውስጥ እንዲነበብ ለጥፋዋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢረሱት ብዬ ነዋ፣ ጋሽዬ።»

«አንቺ ልጅ! ፈተና ላይ እንድኮርጅ?» ብለው ገቡ፤ ሽርጣቸውን አሰሩ፤ ወንበሩን ሁለት እርምጃ ያህል አራቁት፤ በጀርባቸው ተኙ። ልጅቷ ውጪ መስኮቱ ጋ ቆማ ስልኳ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን ነካች።

ወደ ጎን ዞሩ። በክርናቸው ተደገፉ። በእጅና በጉልበታቸው ሆኑ። ወደ ወንበሩ ዳሁ፣ እጃቸውን አስቀመጡ፣ ቀኝ እግራቸውን አምጥተው ተከሉ። ሃምሳ ሰከንድ። ገፉ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ወደ ታች ጎተታቸው፤ ተመልሰው በጉልበታቸው ወደቁ።

«ወይኔ!» አለች የፎቶ ኮፒዋ ሴት። «ልግባ?»

«ተይ» አለች ልጅቷ። የበሩን እጀታ ግን ይዛለች። አባቷ ትከሻቸው ወርዶ፣ ግንባራቸውን መቀመጫው ላይ አድርገው ተንፍሰዋል። አንድ ደቂቃ ከአሥር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሱቅ ልታስዘጋ የደከመች ሴት «ተነሣ፣ ተነሣ አባዬ፣ እባክህ» እያለች ለመስታወቱ ታንሾካሹክ ነበር።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ወደ ታች አዩ። የሽርጣቸው ጫፍ ከጉልበታቸው ሥር ተይዟል። ልጃቸው ቤት የሚለማመዱት ያለ ሽርጥ ነው! ሳይቸኩሉ ጉልበታቸውን አንስተው ጨርቁን ጎተቱ፣ ወገባቸው ላይ ሸጎጡት፣ ቀኝ እግራቸውን እንደገና ተከሉ። ገፉ። በዚህ ጊዜ ጭናቸው አነሣቸው። ዞረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበሩ ተነሡና በሩ ጋ መጡ።

«ስንት?» አሉ።

ልጅቷ መቁጠሪያውን ማቆም ረስታ ነበር፤ ቁጥሩ እየሮጠ ነው። «እኔ እንጃ» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም። «አንድ ከአርባ… አንድ ከሃምሳ… ሁለት አልሞላም።»

«እኔ ምስክር ነኝ፣ አልሞላም!» አለች የፎቶ ኮፒዋ ሴት።

ልጅቷ ቁልፉን በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን አላነሣችም። «በር አይቆለፍም» አለች። «ነፋሱን መጋረጃ እንሰቅልለታለን። እሑድ እሑድ እኔ ጋ ነህ። ደረጃው ደግሞ መደገፊያ ይሠራለታል፤ ዛሬውኑ።»

«ዛሬውኑ?»

«አናጢውን ነግሬዋለሁ፣ እየመጣ ነው።»

«መቼ ነገርሽው?»

«ትናንት።»

ሽማግሌው ቁልፉን ከነእጇ ጨበጡት። ትናንት መደገፊያ ያዘዘች ልጅ ትናንት እንደሚነሡ አምና ነበር ማለት ነው።

አናጢው ሜትሩን ይዞ ደረሰ። «በየት በኩል ይሁን?» አለ።

«በቀኝ» አለች ልጅቷ።

«በግራ» አሉ አባቷ። «በቀኜ ዕቃ እይዛለሁ።»

«ዕቃ ይዘህ ደረጃ አትወጣም!»

«ሻይዬንስ በጥርሴ ላውጣው?»

«በሁለቱም በኩል ይሁና» አለች የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት።

«በሁለቱም ከሆነ ይጠባል» አለ አናጢው። «ወፈር ያለ ሰው አያልፍም።»

«ይሄ ለእኔ ነው የተባለው?» አለች ልጅቷ ዞራ።

የሱቁን መከፈት ያዩ ደንበኞች አንድ በአንድ ተሰበሰቡ፤ ሰዓታቸውን የሚጠይቅ ግን ጠፋ። የአያቷን ሰዓት የምትጠብቀው ሙሽራ በግራ በኩል ሆነች፤ ለወሬ የሚመጣው ሰውዬ በቀኝ። አናጢው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እስኪስማሙ ጠበቀ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ፤ ያን ያህል ጊዜ ሽማግሌው ወንበራቸው አጠገባቸው እያለ አልተቀመጡም፤ የተከራከሩት ቆመው ነበር።